የመኪና ዘንግ በቤት ሲሠራ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ በኩል ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ የተሠራው ጣልያኖች አገራችንን በያዙባቸው ዓመታት፣ ይኸውም በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ነው። እስከ ዛሪማ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ጭነት የያዘ ሾፌር በፍሬኑ ብቻ አይተማመንም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናውን በሞተሩ ያስይዛል። ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው ግን ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል በተዘረጋው አንድ ዘንግ አማካይነት ነው። ስለዚህ ዘንግ አሠራር ጥቂት ልንናገር እንወዳለን።

ዋናው ዘንግ ሲሰበርና መለወጫው ከገበያ ሲጠፋ፣ ወይም ሻንሲው ሲረዝም፣ ባለሙያዎች ከአሮጌ መኪና የተገኙ ሁለት መስቀልኛ መገጣጠሚያዎችን፣ በጋራዥ ቋንቋ ክሮቸራዎችን፣ በአንድ ቱቦ ጫፍና ጫፍ በይደው አዲስ ዘንግ ያወጣሉ። ይህ የሚናቅ ሙያ አይደለም። ነገር ግን ብየዳው ብቻውን አይበቃም፤ አራት ነገሮች መለካት አለባቸው።

አንደኛው የቱቦው ጥንካሬ ነው። የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል 20 ኪሎግራም ሜትር ቢሆንና አንደኛ ማርሽ 6 ጊዜ ቢያበዛው፣ ወደ ዘንጉ የሚደርሰው 120 ነው። መኪናው ተጨማሪ የዳገት ማርሽ ቢኖረውና እርሱ ደግሞ በ2 ቢያበዛው፣ እስከ 240 ይደርሳል። ስለዚህ ለውሃ የተሠራ ቧንቧ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለዘንግ የተሠራ ቱቦ ያስፈልጋል። ጥምዘዛውን በብዛት የሚሸከመው ከመካከል የራቀው ብረት ስለሆነ፣ ሰፊ ቱቦ እኩል ክብደት ካለው ቀጭን ድፍን ብረት ይበልጣል።

ሁለተኛው የሹካዎቹ አቀማመጥ ነው። አንድ ክሮቸራ በ20 ዲግሪ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ፣ የሚገባው ዙር በደቂቃ 1000 ቢሆን፣ የሚወጣው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በ940 እና በ1064 መካከል ይዋዥቃል። ይህን መዋዠቅ የሚያጠፋው ሁለተኛው ክሮቸራ ነው። ይህም የሚሆነው በቱቦው ጫፎች ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲተያዩ፣ የሁለቱም ጫፍ ጉብጠት እኩል ሲሆን ነው። ሹካዎቹ ተጣመው ከተበየዱ መዋዠቁ አይጠፋም፤ ይብስበታል እንጂ። ዘንጉን በደልዳላ ወለል ላይ አጋድሞ በውሃ ልክ ማየት ይበቃል።

ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። ባሌስትራው ሲረግጥና ሲነሣ በካምቢዮውና በዲፈረንሻሉ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ስለዚህ ዘንጉ ጥርስ ያለው ተንሸራታች ክፍል ሊኖረው ይገባል። ልኩም የሚወሰደው መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሳለ ሳይሆን በጎማዎቹ ቆሞ፣ ባዶውንም ተጭኖም ነው።

አራተኛው ሚዛኑ ነው። ከመካከል 4 ሴንቲሜትር ርቆ የተለጠፈ 50 ግራም የብየዳ ብረት፣ ዘንጉ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር 20 ኪሎ በሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ይስባል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ይህ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በሊማሊሞ ዳገት በዝግታ ሲሄድ ጸጥ ያለ ዘንግ፣ ወደ ዳባትና ወደ ጎንደር በሚወስደው ደልዳላ መንገድ ሲፈጥን መኪናውን የሚያንቀጠቅጠው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የዳገቱ ጸጥታ ምስክር አይሆንም፤ ዘንጉ በቶርኖ ላይ ዞሮ ቀጥታነቱ ይታይ፣ ሚዛኑም ይስተካከል።

በቁልቁለት ላይ ዘንጉ ቢሰበር ሞተሩ መኪናውን መያዙን በዚያው ቅጽበት ይተዋል። በብዙ ቀላልና መካከለኛ የጭነት መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ የተሠራው በካምቢዮው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ እርሱም አብሮ ይከዳል። የቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው፤ የሚወዛወዘው ስባሪ የፍሬኑን ቱቦ ከመታው ግን እርሱም ይጠፋል። ስለዚህ የዘንጉ የፊት ጫፍ ቢወድቅ የሚይዘው ጠንካራ የብረት ቀለበት ከሻንሲው ጋር ይታሰር። ረዳቱም ከታኮው አይራቅ።

የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የሆንን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ ከአንድ የብየዳ ባለሙያ ጋር የሹካዎቹን መስመር በውሃ ልክ ብናይ ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ባለሙያው ብረቱን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ እኛም ስሌቱን ይዘንለት እንሂድ። በዚያ ዘንግ ተማምነው ወደ ድብ ባሕር የሚወርዱ ሰዎች አሉና።