ነፃ የሕዝብ ትራንስፖርት ለየትኞቹ አረጋውያን? የውጭ አገር ጎብኚዎችና አራቱ የመብት መሠረቶች

መግቢያ

በብዙ የዓለም ከተሞች አረጋውያን በአውቶቡስ፣ በትራምና በባቡር ያለ ክፍያ ይጓዛሉ። ይህን ሰምተው ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ አረጋውያን ግን አንድ ወሳኝ ጥያቄ ሳያነሡ ይሳፈራሉ፤ ነፃ የተባለው ለየትኞቹ አረጋውያን ነው? በአንዱ ከተማ የ70 ዓመት እንግዳ ፓስፖርቱን ብቻ ይዞ ቀኑን ሙሉ በነፃ ሲዘዋወር ይውላል። በሌላው ከተማ ያው ሰው ያንኑ ፓስፖርት ይዞ ያለ ቲኬት ቢገኝ ይቀጣል። ሁለቱም ከተሞች «የአረጋውያን ጉዞ ነፃ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ልዩነቱ ያለው «አረጋዊ» የሚለውን ቃል ከየትኛው ሁለተኛ መስፈርት ጋር አጣምረው እንደሚያነብቡት ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በየአገሩ የሚሠራባቸውን ሥርዓቶች በአራት የመብት መሠረቶች ከፍሎ ማስረዳትና ከእያንዳንዱ መሠረት በስተ ጀርባ ያለውን የገንዘብና የሕግ ምክንያት ማሳየት ነው። መሠረቶቹም የሁሉም መብት፣ ዕድሜ ብቻ፣ ዕድሜና ዜግነት፣ ዕድሜና ነዋሪነት ናቸው። በተለየ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. የሁሉም መብት

ለጎብኚ ከሁሉ የሚቀለው ማንንም ከማንም የማይለየው ሥርዓት ነው። ሉክሰምበርግ ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የአውቶቡስ፣ የትራምና የባቡር ጉዞን ከክፍያ ነፃ አድርጋለች። ተሳፋሪው ነዋሪ ይሁን እንግዳ፣ ወጣት ይሁን አረጋዊ የሚጠይቀው የለም፤ ካርድ ማውጣትም ሆነ መመዝገብ አያስፈልገውም። ሁለት ገደቦች ብቻ አሉ። በባቡር አንደኛ ማዕረግ የሚቀመጥ ይከፍላል፤ ድንበር ተሻግሮ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ቤልጅየም የሚዘልቅም ከድንበር ወዲያ ላለው መንገድ ቲኬት መያዝ አለበት።

ይህ ውሳኔ ለመንግሥቱ የማይቻል ሸክም ያልሆነበት ምክንያት ከሂሳቡ ይታያል። ከለውጡ በፊት ከቲኬት ሽያጭ በዓመት የሚገኘው ገቢ 41 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን፣ የአገልግሎቱ ጠቅላላ ወጪ ግን ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዩሮ ይጠጋ ነበር። ተሳፋሪው ይሸፍን የነበረው ከወጪው አንድ ዐሥረኛውን እንኳ አይሞላም። የቀረውን አስቀድሞም የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ስለ ነበር፣ አዋጁ ትንሹን ድርሻ ወደ ትልቁ ጨመረው እንጂ አዲስ የፋይናንስ ሥርዓት አልፈጠረም። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት «ነፃ» ማለት ከፋይ የለውም ማለት አለመሆኑ ነው። ጥያቄው የሚዞረው ከፋዩ ማን ነው፣ እንግዳውንስ ለመጋበዝ ፈቃደኛ ነው ወይ ወደሚለው ነው።

2. ዕድሜ ብቻ

ሁለተኛው ሥርዓት ዕድሜን ብቻ ይመለከታል። የፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ 70 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው በከተማዋ የሕዝብ ማመላለሻ ያለ ክፍያ እንዲጓዝ ትፈቅዳለች። የሚጠየቀው ፎቶግራፍና የልደት ቀን ያለበት የመታወቂያ ሰነድ ብቻ ነው፤ የውጭ አገር ፓስፖርትም ለዚህ ይበቃል። ተቆጣጣሪው የሚያረጋግጠው ዕድሜን እንጂ አድራሻን አይደለም።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም ግልጽ ነው። እንግዳው ወደ የትኛውም ቢሮ መሄድ አይኖርበትም፤ አስተዳደሩም ለጥቂት ቀናት ለሚቆይ ሰው ካርድ የማተም ወጪ አያወጣም። የዕድሜው ጣሪያ ከሌሎች ከተሞች ከፍ ማለቱ ደግሞ ሥርዓቱን የሚቻል ያደርገዋል። ከተማዪቱ በዕድሜ ረገድ ጠበቅ፣ በማንነት ረገድ ላላ ብላለች ማለት ይቻላል።

3. ዕድሜና ዜግነት

ሃንጋሪ ዕድሜን ከዜግነት ጋር ታያይዛለች። 65 ዓመት የሞላቸው የአገሪቱም ሆኑ የሌሎች የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች በባቡር ሁለተኛ ማዕረግ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡሶችና በቡዳፔስት የከተማ ማመላለሻዎች ያለ ክፍያ ይጓዛሉ። በዚህ ላይ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ቡዳፔስትን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው 100ኢ የተባለው አውቶቡስ ለአረጋውያንም በክፍያ ነው፤ በፈጣን ባቡሮች ላይም የጉዞው ዋጋ ነፃ ቢሆንም የመቀመጫ ማስያዣ ይከፈላል።

የዚህ መሠረት ውጤት በአንድ ምሳሌ ይገለጻል። ሁለት የ68 ዓመት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች ቡዳፔስትን ለመጎብኘት ሄዱ እንበል። አንደኛው ስዊድን ለብዙ ዓመታት ኖሮ የስዊድን ዜግነት አግኝቷል፤ ሁለተኛው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባ መጥቷል። በአንድ ትራም፣ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስዊድናዊው በነፃ ሲጓዝ ታናሹ ቲኬት መግዛት ግድ ይሆንበታል። ሁለቱም ለሃንጋሪ ግብር አልከፈሉም፤ ሁለቱም ነዋሪዎች አይደሉም። የለያቸው የፓስፖርታቸው ሽፋን ብቻ ነው። «አረጋውያን በነፃ ይሳፈራሉ» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ለቅጣት የሚዳርገውም በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

4. ዕድሜና ነዋሪነት

በተግባር እጅግ የተለመደው መሠረት ነዋሪነት ነው። በአየርላንድ ከ1967 ጀምሮ የሚሠራው የነፃ ጉዞ ሥርዓት ዛሬ 66 ዓመት የሞላቸውን በአገሪቱ በቋሚነት የሚኖሩ ሰዎች ያቅፋል። በእንግሊዝ በ2007 የወጣው ሕግ ከኤፕሪል 1 ቀን 2008 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተግባራዊ ሲሆን፣ የጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሱ ነዋሪዎች በአካባቢ አውቶቡሶች ቢያንስ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጧቱ 3፡30 እስከ ምሽቱ 5፡00 ባለው ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በነፃ እንዲጓዙ መብት ሰጥቷል። ካርዱን የሚያወጣው የነዋሪው የአካባቢ አስተዳደር ስለ ሆነ የአድራሻ ማስረጃ የሌለው እንግዳ ሊያገኘው አይችልም። ማልታ በኦክቶበር 1 ቀን 2022 የአውቶቡስ ጉዞን ነፃ ስታደርግም መብቱን የሰጠችው በስም የተመዘገበ ካርድ ላላቸው ነዋሪዎች ነው፤ ጎብኚው ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን ይከፍላል።

የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን የዚህን መሠረት ውስጣዊ አሠራር በግልጽ ታሳያለች። በ2012 ሕዝበ ውሳኔ ካካሄደች በኋላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ለተመዘገቡ ነዋሪዎቿ ጉዞን ነፃ አደረገች። በኢስቶኒያ ከገቢ ግብር የተወሰነው ድርሻ የሚሄደው ግብር ከፋዩ ወደ ተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ነው። ስለዚህ ነፃ ጉዞው በከተማዪቱ እየኖሩ በሌላ ቦታ የተመዘገቡ ሰዎች ምዝገባቸውን እንዲያዛውሩ ማትጊያ ሆኖ አገልግሏል። እንግዳው ከዚህ ስሌት ውጭ የቀረው በጥላቻ ሳይሆን ለከተማዪቱ ግምጃ ቤት የሚያመጣው ምዝገባ ስለሌለው ነው።

ነዋሪነትን መሠረት ማድረግ ማኅበራዊ ምክንያትም አለው። የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ የነፃ አውቶቡስ ካርድ ያላቸው አረጋውያን የሕዝብ ትራንስፖርትን ይበልጥ እንደሚጠቀሙ፣ ተጠቃሚዎቹም ከልክ ላለፈ ውፍረት የመጋለጥ ዕድላቸው ያነሰ እንደ ሆነ አመልክተዋል። ወደ ፌርማታ መሄድና መመለስ ራሱ የአካል እንቅስቃሴ ነውና። መንግሥት ይህን ጥቅም በረዥም ጊዜ የሚያጭደው በዚያው አገር ከሚያረጀውና ከሚታከመው ነዋሪ ላይ ነው።

5. ሕጉ የሚያሰምረው ድንበር

እንግዳንና ነዋሪን መለየት ሕጋዊ ነው ወይ? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሁለት ጉዳዮች የሰጣቸው ውሳኔዎች ለዚህ ጥያቄ ብርሃን ይፈነጥቃሉ። በ2003 በጣልያን ላይ በቀረበው ክስ ከ60 ወይም ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ የጣልያን ዜጎች ወይም የአካባቢው ነዋሪዎች ብቻ በሙዚየሞችና በሐውልቶች የመግቢያ ቅናሽ መስጠት አድልዎ ነው ተብሎ ተፈርዷል። ጣልያን ልዩነቱን በወጪና በግብር ሥርዓቱ ቅንጅት ለመከላከል ብትሞክርም፣ ፍርድ ቤቱ በተከፈለው ግብርና በተሰጠው ቅናሽ መካከል ቀጥተኛ ትስስር አለመኖሩን ገልጾ ክርክሩን ውድቅ አድርጎታል። በ2012 ደግሞ ኦስትሪያ የትራንስፖርት ቅናሽን ወላጆቻቸው የኦስትሪያ የቤተሰብ አበል ለሚያገኙ ተማሪዎች መወሰኗ ተመሳሳይ ፍርድ አስከትሏል።

በሁለተኛው ጉዳይ ግን ፍርድ ቤቱ አንድ በር ክፍት ትቷል፤ አገልግሎት ሰጪው አገር በተጠቃሚውና በራሱ መካከል እውነተኛ ትስስር እንዲኖር ሊጠይቅ ይችላል። ለተማሪ በትምህርት ተቋም መመዝገቡ ይህን ትስስር ሊያሳይ ይችላል። ለሦስት ቀን ለመጣ ጎብኚ ግን እንዲህ ያለውን ትስስር ማሳየት ይከብዳል። ከዚህም በላይ ሁለቱም ፍርዶች የቆሙት ለኅብረቱ ዜጎች እኩልነት ነው። ከኅብረቱ ውጭ የመጣ አረጋዊ በእነዚህ ፍርዶች ላይ ተመሥርቶ መብት ሊጠይቅ አይችልም።

6. የዋሽንግተን አካባቢ፦ ሦስት አሠራሮች በአንድ ጉዞ

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች ሲታሰቡ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ልጆች ሥራ ሲውሉ፣ መኪና የማይነዱ እናትና አባት ቀኑን በአፓርታማ ውስጥ ተዘግተው ያሳልፋሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመሄድ፣ ገበያ ለመውጣት ወይም የአገር ልጅ ለመጠየቅ የሰው መኪና ይጠብቃሉ። አውቶቡሱ በነፃ መሆኑን ማወቅ ለእነርሱ ከገንዘብ ቁጠባ ያለፈ ትርጉም አለው፤ ሰው ሳያስቸግሩ ወጥቶ የመግባት ነፃነት ነው።

በዚህ አካባቢ የተለያዩ አሠራሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ዳሽ የተባሉት አውቶቡሶች ከሴፕቴምበር 5 ቀን 2021 ጀምሮ ለማንኛውም ሰው ነፃ ናቸው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያካትተው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን አውቶቡሶችም ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ሆነዋል። ሁለቱም ከላይ በቁጥር 1 ሥር የሚመደቡ ናቸው። ሦስቱን ግዛቶች የሚያገናኙት የሜትሮ ባቡሮችና አውቶቡሶች ግን በክፍያ ናቸው። ሆኖም 65 ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜውን በፓስፖርት አረጋግጦ የአረጋውያን ስማርትሪፕ ካርድ ካወጣ የሚከፍለው ግማሽ ዋጋ ነው። ለዚህም መሠረት የሆነው በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሲሆን፣ የፌዴራል ድጎማ የሚቀበሉ የትራንስፖርት ድርጅቶች ቢያንስ ከመጨናነቂያ ሰዓት ውጭ ከአረጋውያን ከመደበኛው ዋጋ ከግማሽ በላይ እንዳያስከፍሉ ያዝዛል። አውቶቡስ ቀይሮ የሚሄድ እንግዳ ስለዚህ የአውቶቡሱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የማን አውቶቡስ እንደ ሆነም መለየት ይኖርበታል።

7. ዕድሜን የሚመሰክር ሰነድ

ዕድሜ በሚጠየቅበት ሥርዓት ሁሉ ዳኛው ሽበት ሳይሆን ወረቀት ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያዊው አረጋዊ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የቀበሌ መታወቂያ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ የተጻፈና የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የተከተለ ሊሆን ስለሚችል ለውጭ አገር ተቆጣጣሪ ማስረጃ አይሆንም። ቢያነብበው እንኳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1950 የሚለውን እንደ ራሱ ዘመን ቢወስደው የባለቤቱን ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረዝመዋል። ፓስፖርት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሚዘጋጅ ይህን ስሕተት ያስቀራል። በሌላ በኩል የትውልድ ቀናቸው በግምት የተመዘገበላቸው አረጋውያን እውነተኛ ዕድሜያቸው ከሰነዱ ቢበልጥም መብታቸው የሚቆጠረው ፓስፖርቱ ላይ ከሰፈረው ቀን ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት አራት መሠረቶች ለጎብኚው ሦስት ቅደም ተከተል ያላቸው ጥያቄዎችን ያስገኛሉ። አንደኛ፣ ጉዞው ለሁሉም ነፃ ነው ወይስ ለተወሰኑት? ለተወሰኑት ከሆነ፣ ከዕድሜ ሌላ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ዕድሜ ብቻ ከሆነ ፓስፖርት መያዝ ይበቃል፤ ዜግነት ከሆነ የፓስፖርቱን ዓይነት ማየት ያሻል፤ ነዋሪነት ከሆነ ቲኬት መግዛት እንጂ መከራከር አያዋጣም። ሦስተኛ፣ የማይካተተው የትኛው መስመር፣ የትኛው ማዕረግ ወይም የትኛው ሰዓት ነው? የአውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡሶች፣ የባቡር አንደኛ ማዕረግና ከድንበር በላይ ያለው መንገድ ከነፃው ውጭ መሆናቸው ተደጋግሞ ታይቷል።

ለተመራማሪው ደግሞ የሚተርፈው ጥያቄ ይጠልቃል። «የሕዝብ ትራንስፖርት» በሚለው ስያሜ ውስጥ «ሕዝብ» የተባለው ማን ነው? ለታሊን የተመዘገበው፣ ለሃንጋሪ የኅብረቱ ዜጋ፣ ለዋርሶ ያረጀ ሁሉ፣ ለሉክሰምበርግ በፌርማታው ላይ የቆመ ሁሉ ነው። የአረጋውያን የነፃ ጉዞ ሥርዓት ለመዘርጋት የሚያስብ ማንኛውም ከተማ የዕድሜውን ጣሪያ ከመወሰኑ አስቀድሞ ይህን ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል፤ መልሱም በታሪፍ ሰንጠረዡ ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ካልተጻፈ፣ የአሠራሩን ጉድለት የሚከፍለው በሰው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ በተቆጣጣሪ ፊት የሚቆመው አረጋዊ ይሆናል።