«ኩላሊቴ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ የወገብ ሕመም ከየት ይመጣል? ያለ ቀዶ ሕክምናስ እንዴት ይታከማል?

«ወገቤን ያዘኝ።» «ብርድ መትቶኝ ነው።» «ኩላሊቴን ሳያመኝ አይቀርም።» «ዲስክህ ተንሸራቷል አሉኝ።»

ከእነዚህ አንዱን ያላለ ወይም ከቤተሰቡ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የእኛ ሀገር ችግር ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው፤ በ2050 ቁጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። ሰውን ከሥራና ከዕለት ኑሮው በማስተጓጎልም ከሕመሞች ሁሉ የሚቀድመው ይሄው ነው።

ለቀን ሠራተኛ ወገብ ተያዘ ማለት የዛሬው ገቢ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ያለውን ሁሉ አውጥቶ መፍትሔ ይፈልጋል፦ መርፌ፣ ቀበቶ፣ ኤም አር አይ፣ አንዳንዱም ንብረቱን ሸጦ ቀዶ ሕክምና። ከዚህ ወጪ ብዙው የሚወጣው ሳያስፈልግ ነው። ዛሬ ሕመሙ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሮጥ እንዳለባችሁ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የትኛው ሕክምና እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ኩላሊት ነው ወይስ ወገብ?

መጀመሪያ ይህን እንለይ። ኩላሊት ያለው ብዙ ሰው እጁን ከሚያሳርፍበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ በኩል ከታችኛዎቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ ነው። የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ይሰማል። ጠጠር ከሆነ መጣ ሄድ የሚል ከባድ ቁርጠት ሆኖ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ቢቀመጡም ቢተኙም ፋታ አይሰጥም። ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ትኩሳት ወይም ማስመለስ አብሮት ሊመጣ ይችላል። የተለመደው የወገብ ሕመም ግን ጎንበስ ሲሉ፣ ከወንበር ሲነሱ፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ይብሳል ወይም ቀለል ይላል።

መለየቱ ምን ይጠቅማል? «ኩላሊቴ ነው» ብሎ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየገዛ ለሳምንታት የሚውጥ ሰው ሞልቷል። እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ራሳቸው ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ያልታመመውን ኩላሊት በገዛ ገንዘብ ማሳመም ማለት ነው። ከጠረጠራችሁ የሽንትና የደም ምርመራ አድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ ከዚያ ይጀምራል።

ታዲያ ሕመሙ ከየት ነው?

ወገባችን ላይ አምስት ትልልቅ የአከርካሪ አጥንቶች አሉ። በመካከላቸው ዲስክ የሚባሉ፣ ጫናን የሚያበርዱ ትራሶች አሉ። ዙሪያውን ጡንቻ፣ ጅማት፣ ትንንሽ መገጣጠሚያዎችና ነርቮች ይገኛሉ። ከእነዚህ ማንኛውም ሊያም ይችላል። ይሁን እንጂ ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ ሐኪም «ሕመሙ የመጣው በትክክል ከዚህ ነው» ብሎ የሚጠቁመው አንድ የተበላሸ ነገር አይገኝም። ይህ ማለት ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ግን የተሰበረ ወይም የተበጠሰ ነገር የለም ማለት ነው።

የሚያባብሱት ነገሮች ይታወቃሉ። ከባድ ሸክም፣ ጎንበስ ብሎ እየተጠማዘዙ መሥራት፣ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ወይም መቆም፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ሲጋራ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን፣ ቀኑን ሙሉ ከሸማው የማይነሳውን ሸማኔ፣ ከመሪው የማይለየውን የሚኒባስ ሹፌር፣ አረብ ሀገር ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠሩ እህቶቻችንን አስቡ። ሥራቸው ለየቅል ነው፤ ወገባቸው ግን አንድ ዓይነት ስሞታ ያሰማል።

አንዳንዴ ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ አልፎ ከጉልበት በታች ይወርዳል፤ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ እግር ያደነዝዛል። ይህ ነርቭ ሲቆጣ ወይም ሲጫነው የሚመጣ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉት ላይ ደግሞ የነርቭ መተላለፊያው ሊጠብ ይችላል፤ ሲሄዱ እግራቸው ይከብዳል፣ ቁጭ ወይም ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል።

ዲስክ «ተንሸራተተ» ሲባል

ይህች ቃል ብዙ ሰው አስፈርታለች። «ተንሸራተተ» ሲባል ዲስኩ እንደ ሳሙና ከቦታው አምልጦ የሄደ፣ ጎንበስ ካልን ደግሞ ጨርሶ የሚወጣ ይመስለናል። እውነቱ ግን ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው፤ ከቦታው አይሄድም። የሚሆነው ጠርዙ ማበጥ ወይም ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር በስንጥቅ ወደ ውጭ መገፋት ነው። ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ሰውነት ራሱ እየመጠጠ ያሳንሰዋል።

ሌላም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች የምስል ምርመራ ውጤት ሰብስቦ ተመልክቷል። በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት ጤነኞች 30 በመቶው ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። በ80 ዓመታቸው ደግሞ 84 በመቶው። ልብ በሉ፣ እነዚህ «ወገቤን» ብለው ሐኪም ቤት የሄዱ ሕመምተኞች አይደሉም። ስለዚህ የኤም አር አይ ወረቀት ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል መገኘቱ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት ያ ነው ማለት አይደለም፤ ልክ እንደ ሽበት የዕድሜ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኤም አር አይ የሚያስፈልገው ከታች የምንዘረዝራቸው ምልክቶች ሲኖሩ ወይም ሐኪሙ በውጤቱ የሚለውጠው ሕክምና ሲኖር ነው።

እነዚህን ግን እንዳትንቁ

👉 ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሽንትና ሰገራ ሳይታወቃችሁ ካመለጠ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ካለ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ፦ ለነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ከዘገየ ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል።

👉 ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጣ፦ በእኛ ሀገር የአከርካሪ ቲቢ አለ። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚውል ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ በማሸት ግን አይድኑም።

👉 ከከፍታ መውደቅ፣ የመኪና አደጋ፣ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ቀላል መውደቅም ቢሆን፦ ስብራት ሊኖር ይችላል። ከመታየታችሁ በፊት ማንም እንዳይስባችሁ፣ እንዳያሻችሁ።

👉 ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ወይም ሌሊት እረፍት የሚነሳና በምንም የማይቀል ሕመም ያለበት።

👉 ወጣት ሆናችሁ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገባችሁ ከተገተረ፣ ስታርፉ ብሶ ስትንቀሳቀሱ ከተሻላችሁና ለወራት ከቆየ፦ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይመልከተው።

ከእነዚህ ምንም ከሌለባችሁ፣ የሚከተለው ለእናንተ ነው።

የሚሠራው ምንድነው?

በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ እንክብካቤ ላይ የመጀመሪያውን መመሪያ አወጣ። ከ3 ወር በላይ ለቆየ ሕመም ከሚመክራቸው መካከል ስለ ሕመሙ ትክክለኛ መረጃ ማግኘት፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ አንዳንድ የእጅ ሕክምናዎችና ማሸት፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ እንዲሁም እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች ይገኛሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

አትተኙ። ወገብ ሲያዝ የመጀመሪያው ምክር «ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ» ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የፊንላንድ ጥናት አዲስ የወገብ ሕመም የያዛቸውን 186 ሰዎች በሦስት ከፍሎ አየ፦ ሁለት ቀን አልጋ ላይ የተኙ፣ ስፖርት የተሰጣቸው፣ እና በሚችሉት መጠን የተለመደ ኑሯቸውን የቀጠሉ። ቶሎ የተሻላቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰዓት ጋደም ማለት ችግር የለውም፤ ቀናት መተኛት ግን ጡንቻን ያደክማል፣ ፍርሃትንም ያሳድጋል። ትንሽ ማመሙ ተበላሸ ማለት አይደለም።

በእግር ሂዱ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ሕመም በቅርቡ ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሏል። በባለሙያ እየተመከሩ የእግር ጉዞ የጀመሩት ሕመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ቆዩ፤ ያልጀመሩት 112 ቀን። ግቡ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ነበር፤ ሲጀምሩ ግን በጥቂቱ ነው። ክፍያ የለው፣ ማሽን የለው፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድም ይቆጠራል።

ፊዚዮቴራፒ። በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ። ጥሩ ባለሙያ ማሽን ለጥፎ ብቻ አይልካችሁም፤ የሆድ፣ የጀርባና የዳሌ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አስተምሮ ቤት እንድትሠሩት ያደርጋል። «የትኛው ስፖርት ይሻላል?» ለሚለው መልሱ፦ ሳታቋርጡ የምትሠሩት።

ሙቀት። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማድረግ ያስታግሳል። «ብርድ ነው» የሚለው አባባል የቆየውም ሙቀት ስለሚያሽለን ይመስለናል። ጠርሙሱን በቀጥታ ቆዳ ላይ እንዳታደርጉ፤ ያቃጥላል።

መድኃኒት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚረዱት በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት እንዲሁም ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። መርፌውም ያው መድኃኒት ነው፤ በመርፌ ስለተወጋ ፈዋሽ አይሆንም። ፓራሲታሞልስ? በ2014 እ.ኤ.አ. በ1,652 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት አዲስ የወገብ ሕመምን ቶሎ እንደማያድን አሳይቷል። ትራማዶልን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን ደግሞ መመሪያው ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም አይመክርም፤ ሱስ ያስይዛሉ።

ቀበቶና መጎተት። የወገብ ቀበቶንና ወገብን በማሽን መሳብን ይኸው መመሪያ በመደበኛነት እንዲሰጡ አይመክርም። ለቀበቶ ያሰባችሁትን ብር ለፊዚዮቴራፒ ብታደርጉት ይሻላል።

እንቅልፍና ጭንቀት። የቤት ኪራይ፣ ከሥራ እባረራለሁ የሚል ስጋት፣ እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ያጎላሉ። ይህ «በጭንቅላትህ ነው» ማለት አይደለም፤ ሕመምን የሚያዳምጠው አንጎል ሲጨነቅ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማድረግ ለብዙዎች እንቅልፍ ያቀልላል።

ሥራ ላይ። ዕቃ ስታነሱ ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት፣ ከፍሎ ሁለቴ መመላለስ ከተቻለ ክፈሉት። ተቀምጣችሁ የምትሠሩ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፤ ስልክ እንኳ ቆማችሁ አውሩ።

ቀዶ ሕክምናስ?

ቀዶ ሕክምና ጠላት አይደለም። ሽንት ሲታገድ ወይም እግር እየሰነፈ ሲሄድ ሕይወት የሚቀይር ነው። በነርቭ መጫን የመጣ የእግር ሕመምም ለሳምንታት ታክሞ አልሻል ካለ ሊረዳ ይችላል። ለተለመደው፣ ወገብ ላይ ብቻ ለሚሰማ ሕመም ግን መጀመሪያ የሚሞከር ነገር አይደለም።

«ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» ከተባላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ጥቂት ሳምንታት ብንጠብቅ ምን አደጋ አለው? የሚያሻለው የእግሬን ሕመም ነው የወገቤን? ፊዚዮቴራፒ በደንብ ሞክሬያለሁ ወይ? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። ከተቻለም ሁለተኛ ሐኪም አማክሩ።

አብዛኛው አዲስ የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይሻላል፤ ተመልሶ ሊመጣ ግን ይችላል። ሲመጣ ከአልጋ ይልቅ መንገዱን ምረጡ። ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም፤ «ወገቤን» የሚል ሰው ካላችሁ ግን አጋሩት፤ በተለይ መርፌ ሊወጋ ወይም ንብረት ሊሸጥ ላሰበ።