ለብርጭቆ መሥሪያ ቶርች የሚሆን የጋዝ ሬጉሌተር አመራረጥ

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የብርጭቆ ቱቦን ማጠፍ፣ የተቆረጠ ጫፍን በእሳት ማለስለስና ማንጠባጠቢያ መሥራት ለሳይንስ መምህር ከሚያስፈልጉት የእጅ ሙያዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ቀላል ቀላሉን ዕቃ በራስ እጅ መሥራት ወጪን ይቀንሳል፤ ተማሪውም መሣሪያው እንዴት እንደተሠራ እንዲገነዘብ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቶርች ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ስለ ቶርቹ ብቻ ነው። ከሲሊንደሩ ጋር የሚያያዘው ሬጉሌተር የሚመረጠው በመጨረሻ፣ አንዳንዴም በገበያ ላይ እንደተገኘው ነው። የነበልባሉ ጥራትም ሆነ የሠሪው ደኅንነት የሚመሠረተው ግን በዚሁ አነስተኛ መሣሪያ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የግዥ ዝርዝር ለሚያዘጋጁ መምህራንና የዕቅድ ባለሙያዎች የአመራረጡን መንገድ ማስረዳት ነው።

1. የሬጉሌተር ተግባር

የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ 150 ወይም 200 ባር ግፊት አለው። የፕሮፔን ሲሊንደር ደግሞ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከከባቢው አየር ግፊት በላይ 7 ባር ያህል ይይዛል። አነስተኛ የብርጭቆ መሥሪያ ቶርች ግን የሚፈልገው በአብዛኛው ከ1 ባር በታች ነው። ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው ሬጉሌተር ነው።

በውስጡ አንድ ተለጣጭ ስስ ሽፋን አለ። በአንደኛው ወገን ሞላ፣ በሌላው ወገን ጋዝ ይጫነዋል። ማስተካከያው ብሎን ሲጠብቅ ሞላው ሽፋኑን ገፍቶ ቫልቩን ይከፍታል፤ በመውጫው በኩል ያለው ግፊት ከተፈለገው መጠን ሲደርስ ደግሞ ጋዙ ሽፋኑን መልሶ በመግፋት ቫልቩን ይዘጋል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ሬጉሌተር ግፊትን የሚቀንስ እንጂ የሚፈጥር አለመሆኑን ነው።

2. አስቀድሞ የብርጭቆውን ዓይነት መለየት

ተራው የሶዳ ብርጭቆ በ700 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ይህን ለማጠፍ አየርን ከጋዝ ጋር የሚቀላቅለው የቡንሰን ማንደጃ ይበቃል። ሙቀትን የሚቋቋመው ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ግን የሚለሰልሰው በ820 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ እንደ ልብ ለመቅረጽ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። በመሆኑም ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ሬጉሌተር?» ሳይሆን «የትኛው ብርጭቆ?» የሚል ነው። የሶዳ ቱቦ ከማጠፍ የማያልፍ ትምህርት ቤት የኦክስጅን ሲሊንደርና ሬጉሌተር ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል፤ ያልነበረ አደጋም ወደ ቤተ ሙከራው ያስገባል።

3. የነዳጅ ጋዝ ሬጉሌተር

በወጥ ቤት ቡታጋዝ ላይ የሚገጠመው ሬጉሌተር ግፊቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ መጠኑም 0.03 ባር አካባቢ ነው። ለዝቅተኛ ግፊት ለተሠራ የቡንሰን ማንደጃ ያገለግላል። በኦክስጅን ለሚሠራ ቶርች ግን አይሆንም፤ ግፊቱ ከማነሱም በላይ ማስተካከያ የለውም። ለዚህ የሚስማማው ለፕሮፔን የተሠራና ከ0 እስከ 2 ባር ሊስተካከል የሚችል ሬጉሌተር ነው።

የመለኪያው ስፋትም መታየት አለበት። የሥራው ግፊት 0.3 ባር ሆኖ መለኪያው እስከ 10 ባር የሚያሳይ ከሆነ መርፌው ከዜሮ ብዙም ስለማይርቅ ንባቡ አያስተማምንም። አንዳንድ መለኪያዎች በፒ.ኤስ.አይ. የተከፈሉ ናቸው፤ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው።

የጋዙም ዓይነት ወሳኝ ነው። ቡቴን የሚፈላው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ በደጋ ቀዝቃዛ ጧት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚኖረው ግፊት አነስተኛ ነው፤ ፕሮፔን ግን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። በቡቴን ሲሊንደር ላይ የቱንም ያህል ውድ ሬጉሌተር ቢገጠም የሌለውን ግፊት ሊሰጥ አይችልም። እንዲሁም እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአየር የሚሠራ ማንደጃ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ሲጥል የጋዙን ግፊት ከመጨመር ይልቅ የአየር መግቢያውን ማስፋት ይገባል።

4. የኦክስጅን ሬጉሌተር

ሬጉሌተር ግፊቱን በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ሊቀንስ ይችላል። ፕሮፔን በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ ግፊቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ባለ አንድ ደረጃው ይበቃዋል። የኦክስጅን ግፊት ግን በተሠራበት መጠን ከ150 ባር ጀምሮ እየወረደ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ባለ አንድ ደረጃው ሬጉሌተር የሚሰጠው ግፊት በአብዛኛው ቀስ በቀስ ከፍ ስለሚል ነበልባሉን ደጋግሞ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ለአጭር ሠርቶ ማሳያ ይህ አያስቸግርም። ረጅም ሰዓት ለሚሠራበት የማሠልጠኛ ወርክሾፕ ግን በዋጋ ቢበልጥም ባለ ሁለት ደረጃው ይመረጣል።

5. ሊዘነጉ የማይገባቸው ነጥቦች

ሀ. በኦክስጅን ሬጉሌተር፣ ቫልቭም ሆነ መጋጠሚያ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ ፈጽሞ አይቀባም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ቅባትን ያለ ክብሪት ሊያቀጣጥል ይችላል።

ለ. የነዳጅ ጋዝ መጋጠሚያ ጥርሱ ወደ ግራ፣ የኦክስጅን ግን ወደ ቀኝ የሚጠብቀው እንዳይለዋወጡ ታስቦ ነው። አልገጥም ያለውን በኃይል ማጥበቅ የተሠራለትን መከላከያ ማፍረስ ነው።

ሐ. ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የኦክስጅን ቱቦ በአውሮፓ ሰማያዊ፣ በአሜሪካ አረንጓዴ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች እርዳታ ዕቃ የሚሰበስብ ትምህርት ቤት በላዩ የተጻፈውን ማንበብ አለበት።

መ. በሁለቱም መስመሮች ላይ ነበልባል ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መሣሪያ ከሬጉሌተሩ ጋር አብሮ ይገዛ።

ሠ. ሲሊንደሩ ከመከፈቱ በፊት የሬጉሌተሩ ብሎን ይላላ፤ የሲሊንደሩም ቫልቭ በዝግታ ይከፈት። መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ እንጂ በእሳት አይፈተሹም። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩን ከምድር በታች ባለ ክፍል ማኖር አይገባም።

በአጠቃላይ በግዥ ዝርዝር ላይ «ሬጉሌተር፣ 1» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የጋዙ ዓይነት፣ የመግቢያውና የመውጫው ግፊት፣ የመለኪያው ስፋት፣ የደረጃው ብዛትና የመጋጠሚያው ልክ አብረው መገለጽ አለባቸው። የሥራውን ግፊት በመጨረሻ የሚወስነው የቶርቹ ፋብሪካ መመሪያ ስለሆነ፣ ይኸው መመሪያ ከዝርዝሩ ጋር ተያይዞ ቢቀርብ ግዥ ፈጻሚው ያለ ግምት ይሠራል፤ መምህሩም በተማሪዎቹ ፊት እሳት ሲለኩስ በእጁ ያለውን መሣሪያ ያምነዋል።