ያውቁ ኖሯል? የዓይን ሕዋስ ስንቁ ከአንጎል ይመጣለታል

ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሱት በእያንዳንዱ ሬቲና ላይ ያሉ አንድ ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። እነሱም በፈንታቸው በዚያው ነርቭ በኩል የዕድገት ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖችን ከአንጎል ይቀበላሉ። አንዱ፣ ቢዲኤንኤፍ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ከአሳማ አንጎል ተለይቶ ወጣ። ስንቁ ሲቋረጥ ሕዋሱ ራሱን በራሱ ያጠፋል።

በግላኮማ ሕመም የዓይን ግፊት ነርቩን መውጫው ላይ ተጭኖ ይህን ጉዞ ያውካል። ክፋቱ፣ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ዕይታ ከዳር ከዳር ይሸረፋል። የሞተ ሕዋስ አይተካምና፣ በተለይ በዘመዱ ግላኮማ ያለበት ሰው ከትክል ድንጋይ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ቢመረመር ድካሙ አያስቆጭም። ጠብታ መድኃኒት የቀረውን ዕይታ ለማትረፍ ይረዳል።

በ2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ሲኤንቲኤፍ የተባለውን ፋክተር የሚያመነጭ ሕክምና ፈቅዳለች፤ የተፈቀደው ግን ማክቴል ለሚባል ሌላ የሬቲና ሕመም ነው።