ስለ ከርነል የጊዜ ምልክትና ስለ ኀይል አስተዳደር አመራረጥ

አንድ ኮምፒዩተር ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ጊዜ ምን ያደርጋል? ምንም አያደርግም የሚል ብዙ ሰው ነው፤ እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገሩን እንድንመረምር ያስገደደን ግን የገዛ ስሕተታችን ነው። በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሊኑክስን ከርነል ራሳችን አዘጋጅተን ስንጭን፥ የማናውቀውን ክፍል ሁሉ ብንቀንስ መኪናው ይቀለዋል ብለን የኀይል አስተዳደሩን ክፍል ዘጋነው። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። ላፕቶፑ ይግል፥ ማራገቢያውም ያለ ዕረፍት ይጮኽ ጀመር። የባትሪውን መጠን የሚያሳየው ምልክት ከተዘጋው ክፍል ጋር አብሮ ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ መብራት በሄደበት ማታ ባትሪው ሳያስጠነቅቀን አለቀና ያላስቀመጥነው የመመረቂያ ጽሑፍ ጠፋብን። ይህን ስሕተት ሌላ ጓደኛ እንዳይደግመው፥ ምክንያቱን ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም አስኳል ነው። ሥራውም ፕሮሰሰሩንና ሌሎቹን የኮምፒዩተር ክፍሎች ለፕሮግራሞች ማከፋፈል ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ከርነል ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ፥ ማንም ተማሪ ሜኑኮንፊግ በሚባለው ዝርዝር የሚፈልገውን መርጦ፥ የማይፈልገውን ትቶ ኮምፓይል ሊያደርገው ይችላል።

ፕሮግራሞች በየተራቸው እንዲሠሩ ከርነሉ ጊዜን መቍጠር አለበት። ስለዚህ አንድ የጊዜ መሣሪያ በተወሰነ ልክ ፕሮሰሰሩን እያቋረጠ ምልክት ይሰጠዋል። በሰከንድ የሚሰጠው የምልክት ቍጥር ኤችዜድ ይባላል። 100 ቢመረጥ ምልክቱ በየ10 ሚሊሰከንድ፥ 250 ቢመረጥ በየ4፥ 1000 ቢመረጥ በየ1 ሚሊሰከንድ ይመጣል። እነዚህን ሦስቱን መምረጥ የተቻለው በ2005 በወጣው በ2.6.13 እትም ነው። ከባድ ስሌት ለሚሠራ ሰርቨር ማቋረጡ ቢያንስ ይሻላል፤ ፈጣን መልስ ለሚፈለግበት ሥራ ግን ቢበዛ ይጠቅማል። ኋላ የተጨመረው 300 በ25ም በ30ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ለቪዲዮ ሥራ ይስማማል።

ችግሩ ያለው ሥራ በሌለበት ሰዓት ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት የነበረ ሰው ደውሉን ያስታውሳል። ተማሪዎቹ ሁሉ ለክረምት አገራቸው ከገቡ በኋላ ዘበኛው በየክፍለ ጊዜው ደውል ቢደውል፥ የሚደክመው እሱ ብቻ ነው። በ1000 የሚሠራ ከርነልም እንዲሁ ሥራ ፈት የሆነውን ፕሮሰሰር በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600,000 ጊዜ ይቀሰቅሰዋል።

መቀስቀሱስ ለምን ይጎዳል? ኤሲፒአይ የሚባለው የኀይል አስተዳደር ደንብ በ1996 ሲወጣ፥ ለፕሮሰሰሩ የእንቅልፍ ደረጃዎችን ወስኗል። ሲ1 ቀላል እንቅልፍ ነው፤ ሲ2ና ሲ3 እየጠለቁ ይሄዳሉ። እንቅልፉ በጠለቀ መጠን የሚባክነው ኀይል ያንሳል፤ ለመንቃት የሚፈጀው ጊዜ ግን ይረዝማል። ስለዚህ በየጊዜው የሚቀሰቀስ ፕሮሰሰር ከጥልቁ እንቅልፍ ብዙ ጥቅም አያገኝም። በዚህ ምክንያት በ2007 በ2.6.21 እትም አዲስ ዘዴ ገባ። ከርነሉ ከመተኛቱ በፊት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይመለከትና የጊዜ መሣሪያውን ለዚያች ሰዓት ብቻ ያዘጋጃል። በ2013 በ3.10 እትም ደግሞ አንድ ፕሮግራም ብቻ በሚሠራበት ፕሮሰሰር ላይ ምልክቱን ለመተው ተቻለ። ይህ ሁለተኛው ለልዩ ስሌት ነው፤ ከርነሉ ላይ ሌላ ወጪ ስለሚጨምር ለተራ ላፕቶፕ አያስፈልግም።

ሌላው መንገድ ፍጥነትን መቀነስ ነው። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ የሚወስደው ኀይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁንም መቀነስ ስለሚቻል ትርፉ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ሰዓቱም አብሮ ሊተኛ ይችላል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቲኤስሲ የተባለው ቈጣሪ በፍጥነት ስለሚነበብ ተመራጭ ነው። ሆኖም በአንዳንድ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ፍጥነቱ ሲለወጥ አቈጣጠሩ ይለወጣል፤ በጥልቅ እንቅልፍም ጊዜ ይቆማል። ከርነሉ ይህን ሲያውቅ ቲኤስሲን ትቶ ከፕሮሰሰሩ ውጭ ወዳለው ኤችፔት ወይም ወደ ኤሲፒአይ ሰዓት ይዞራል። በአዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ቲኤስሲ በእኩል ልክ ስለሚቈጥር ችግሩ ቀርቷል። እንግዲህ የኀይልና የጊዜ ምርጫዎች በዝርዝሩ ውስጥ ተለያይተው ቢጻፉም በሥራ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ሳያዩ ሌላውን መዝጋት አይገባም።

እኛ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው። ለአሮጌ ላፕቶፕ ኤሲፒአይንና የፍጥነት መቀነሻውን መክፈት፥ ሥራ በሌለ ጊዜ ምልክቱን የሚተወውን መምረጥ፥ ኤችዜድን 250 ማድረግ፥ ኤችፔትንም አለመዝጋት ይበጃል። ከዚያ በኋላ ፓወርቶፕ በተባለው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን የሚቀሰቅሰው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይቻላል። ከሁሉም በላይ፥ የማያውቁትን ክፍል ከመዝጋት በፊት መግለጫውን ማንበብ ይገባል። መምህራንና ጓደኞች በጽሑፋችን ጉድለት ቢያገኙ፥ እርማታቸውን በደስታ እንቀበላለን።