ወደ ካሩራ ፏፏቴ

ፏፏቴ ለማየት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ በፊቱ የሚታየው ረዥም መንገድ፣ ገደልና ድካም ነው። ነገር ግን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ከከተማዪቱ ሳይወጡ በዛፎች ጥላ ሥር እየተንሸራሸሩ የሚደርሱበት ፏፏቴ አለ። ይኸውም በካሩራ ጫካ ውስጥ የሚገኘው ነው። በአንድ እሑድ ጧት ልጆቻችንን ይዘን ሄደን ስለ ነበር፣ ያየነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

ካሩራ በከተማዪቱ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኝ፣ ስፋቱ 1,000 ሄክታር ያህል የሆነ ጫካ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም.፣ የመንግሥት ደን ሆኖ እንዲጠበቅ ተወሰነ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

በሊሙሩ ጐዳና በኩል ባለው በር የመግቢያ ዋጋ ከፍለን ገባን። መንገዱ ደልዳላ ስለ ሆነ ሕፃናትም ሽማግሌዎችም ያለ ችግር ይሄዱበታል። መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ቍጥር የተጻፈበት ምልክት ስለ ቆመ፣ እንግዳ ሰው እንኳ አይጠፋም። በአንድ ወገን ባሕር ዛፍ፣ በሌላው ወገን ወይራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ይታያሉ። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ልጆቻችን ዳቦ ሊሰጧቸው ፈለጉ፤ እኛም የዱር እንስሳ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ እንደሚበላሽ ነግረን ከለከልናቸው።

በዚህ መካከል ትንሹ ልጅ ቆም ብሎ፣ «አባዬ፣ እዚህ ለምን ቤት አልተሠራም?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከዕድሜው በላይ ስለ ሆነ፣ «ፏፏቴው ዘንድ ስንደርስ እነግርሃለሁ» አልነው።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። የካሩራ ወንዝ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው አለት እየተወረወረ ይወርዳል። በአቅራቢያውም በ1950ዎቹ ዓመታት የማው ማው ዐርበኞች ይሸሸጉባቸው የነበሩ ዋሻዎች አሉ። ወንዙ በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል አልፎ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ውሃው ለዐይን እንጂ ለመጠጥም ሆነ ለዋና አይመከርም።

እዚያ ተቀምጠን ለልጁ የገባንለትን ቃል ፈጸምን። በ1998 ዓ.ም. የዚህ ጫካ መሬት እየተሸነሸነ ለግል ቤት ሠሪዎች መሰጠቱ ታወቀ። ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በ1977 ዓ.ም. የአረንጓዴ መቀነት እንቅስቃሴ የተባለውን ማኅበር የመሠረቱ ሴት ነበሩ፤ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ችግኝ ይዘው ወደ ጫካው ሄዱ። ጥር 8 ቀን 1999 ዓ.ም. አንዲት ችግኝ ሊተክሉ ሲሉ፣ መንገድ የዘጉባቸው ሰዎች ደብድበው ራሳቸውን አቈሰሏቸው። እርሳቸው ግን ከሐሳባቸው ፈቀቅ አላሉም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ድምፃቸውን አሰሙ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የሕዝብ መሬት ለግለሰቦች እንዳይሰጥ ከለከሉ። ጫካውም ተረፈ። ዋንጋሪ ማታይ በ2004 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለው፣ በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ውሃውን ሲመለከት ቆየና፣ «ታዲያ ያቺ ችግኝ የትኛዋ ናት?» አለ። ይህን ልንመልስለት አልቻልንም።

ስንመለስ አንድ ነገር አሰብን። ጫካ በካርታ ላይ ሲታይ ባዶ መሬት ይመስላል፤ በጠረጴዛው ላይ ካርታውን ዘርግቶ ብዕር የሚያነሣም ሰው በአንድ ፊርማ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ በመሬት ጉዳይ የሚፈርም ሹም ሁሉ፣ ከመፈረሙ አስቀድሞ ቦታውን አንድ ቀን በእግሩ ቢመላለስበት መልካም ነው እንላለን። እኛ ያን ቀን በቀላሉ የሄድንበት መንገድ፣ ለሌሎች ቀላል አልነበረምና።