የኤፍሬም ምድጃ፤ ስለ «ላምብ» ፊልም ምን ተባለ?

በግንቦት ወር 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በተደረገው ታላቅ የፊልም በዓል ላይ፣ አንድ የኢትዮጵያ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ከተመረጡት ጋር ተቆጥሮ ታየ። ስሙ «ላምብ» ነው፤ የበግ ግልገል ማለት ነው። አዘጋጁም አዲስ አበባ ተወልዶ በኒውዮርክ የፊልም ጥበብ የተማረው ያሬድ ዘለቀ ነው።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። ኤፍሬም የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱ ሞታበታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ከነበጉ ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል። አጎትየው ግን በጉ ለበዓል ይታረድ ይላል። ልጁ እርሻ አይሆንለትም፤ ሙያው ከእናቱ የተማረው ወጥ መሥራት ነው። ስለዚህ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ እንዲሆነው ሳምቡሳ እየጠበሰ በገበያ ይሸጣል።

ከውጭ አገር ሐያስያን ብዙዎቹ የደጋውን ውበትና የልጁን አጨዋወት አመሰገኑ። አንዳንዶቹ ደግሞ ታሪኩ ለስላሳ፣ አካሄዱም አስቀድሞ የሚገመት ነው ሲሉ ነቀፉት። ኢትዮጵያም ፊልሙን ለኦስካር ውድድር ልካው ነበር፤ ከመጨረሻዎቹ አምስት ውስጥ አልገባም። ነቀፋው በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ተራራው ሲደነቅ ምድጃው ተረሳ ለማለት ያስደፍራል።

ይህ ምድጃ ከሌሎች የአፍሪካ የልጅነት ፊልሞች ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይታያል። ክሌር ዴኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው «ሾኮላ» በተባለው ፊልም የካሜሩንን የቅኝ ግዛት ማብቂያ ዘመን የምታየው የፈረንሳዊ ሹም ልጅ ናት። በሃሪ ሁክ «ኪችን ቶቶ» (እ.ኤ.አ. 1987) ውስጥ ደግሞ አባቱ የተገደለበት የኪኩዩ ልጅ በ1950ዎቹ ኬንያ የእንግሊዛዊ ፖሊስ ሹም ወጥ ቤት አገልጋይ ይሆናል። እዚያ ወጥ ቤቱ የጌታ ነው። የኤፍሬም ምድጃ ግን የእናቱ መታሰቢያ ነው፤ የሚከለክለውም ባዕድ ሳይሆን የገዛ ሥጋ ዘመዱ ነው።

ይህንንስ ከፈረንጁ ሐያሲ ይልቅ የምዕራብ ጎጃም ልጅ ያውቀዋል። በገጠሩ ወንድ ልጅ ጅራፍ ይዞ ከብት ሲጠብቅ፣ ኋላም እርፍ ሲጨብጥ ይመሰገናል፤ ማጀት ከተገኘ «ሴታሴት» ይባላል። ያው ልጅ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሲገባ ግን ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ከቤት የተላከለት ስንቅ ሲያልቅ ሽሮውን የሚያንተከትከው ማን ነው? ራሱ ነዋ! የመጀመሪያው ቀን ሽሮ ይጓጎላል፤ የሁለተኛው ያርራል (ይህ ያልደረሰበት ተማሪ ዕድለኛ ነው)። ከዚያ በኋላ እጁ ይለምዳል። ለበዓል አገሩ ሲገባ ግን ስለዚህ ሙያው ትንፍሽ አይልም።

አጎትየውንም ቢሆን ክፉ ሰው ነው ብሎ መፍረድ ያስቸግራል። በደጋ ቤት ለበዓል በግ ማረድ ጭካኔ አይደለም፤ የዘመድን ልጅ ገበሬ አድርጎ ማሳደግም ለእሱ ግዴታው ነው። ልጁም በጉን ደብቆ ሲያተርፍ በእሱ በኩል እውነት አለው።